ውሃ የተረጨበት ድምፅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጥገና ክፍል ገብቼ ነበር። አንዲት ልጅ ክዳኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ፊቷ አስቀምጣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ውስጡን ትጠርጋለች። ሽታው አፍንጫዬን እንደነካኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት። ልጅቷ «ምን ፈልገው ነው?» ብትለኝ «ቀስ ብለሽ ጥረጊ» ብቻ ብያት ወጣሁ። ምስኪን፣ የተቆጣኋት መስሏት ይሆናል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አሰበ ተፈሪ ነበርኩ፤ በአጎቴ የካሴት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ጥጥ በእጄ ይዤ፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ።

አንተ ለበዓሉ መጽሔት የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ቋንቋህም ያምራል። ድርጅቱ በሁለት ክፍልና በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተጀመረ ያልከው እውነት ነው። የሆስፒታል ካርድ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የተማሪ ውጤት እየተቀበልን እንዳይጠፋ ማስቀመጥ የጀመርነው እዚያ ነው። ግን «መሥራቿ ሐሳቡን ያገኙት ውጭ አገር ሥልጠና ላይ ሳሉ ነው» ያልከውን ማን እንደነገረህ እንጃ። ከዚያ ሥልጠና ይዤ የመጣሁት ጉንፋን ብቻ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከአንዲት ጫት ነጋዴ ነው። ቁጭ በልና ልንገርህ፤ ብትጽፈውም ባትጽፈውም ያንተ ጉዳይ ነው።

አሁን ጭሮ የምትሏት ከተማ ያኔ ለእኛ አሰበ ተፈሪ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጨርጨር ተራሮች ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ መኪኖቹ ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ጉሙ ሲገፈፍ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው ጫት ላይ ነው። ከገለምሶና ከየገጠሩ የመጣ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ የሚጣደፍ ጫት። የእርጥብ ጆንያው ሽታ ከናፍጣው ሽታ ጋር ይደባለቃል፤ ለእኔ የጠዋት ሽታ እሱ ነበር። ጫት ከጠወለገ ማንም ዞር ብሎ አያየውምና ግማሹ ከተማ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ላይ ውሃ ሲረጭ ይውላል። እኛ ልጆች ሆነን ሰው ሲያዝን «ውሃ ርጩበት» ብለን እንቀልድ ነበር። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ ይጠቅምሃል።

እኔ ማትሪክ ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ጎበዝ ተማሪ ናት እየተባልኩ ስላደግሁ ውድቀቴ የሰፈር ለቅሶ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እናቴን «አይዞሽ» ይላታል፤ እኔ ደግሞ ጓዳ ተደብቄ ሬሳ የሆንኩ ያህል ወሬዬን እሰማለሁ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ይዞ መጣና «ሥራ ፈትታ ከምታብድ እዚህ ላይ ትቀመጥ» አለ። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ፤ በሯን ሰማያዊ ቀባ፤ ከበሩ በላይ «ካሴት እንቀዳለን፣ ራዲዮ እንጠግናለን» ብሎ አጻፈ። ራዲዮ እንጠግናለን የሚለው ውሸት ነበር። ጽሑፉን አምነው ራዲዮ የሚያመጡ ሰዎች ሲበዙብኝ ግን ሳልወድ በግድ መክፈት ጀመርኩ። አንዱን አበላሽቼ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አድኜ፣ በሦስተኛው ገባኝ። በስድስት ወር ውስጥ የአጎቴ ውሸት እውነት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ማትሪክ ያወረደኝን ያህል ያቺ ቴፕ ሰቀለችኝ። በየደቂቃው ቀልድ የምፈጥር፣ ሰው የማስቅ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ሆንኩ። ሥራ የፈቱ ጎረምሶች ሱቃችን ደጃፍ ተሰብስበው ይውሉ ነበር፤ ግማሾቹ ለዘፈኑ፣ ግማሾቹ የእኔን ምላስ ለመስማት።

መብራት ቢመጣም ባይመጣም እንሠራለን፤ ቴፑ በድንጋይም ይሄዳል። ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ሁለት ሦስት ዘፈን ያስቀዳል። ትልቁ ሥራችን ዘፈን መቅዳት ነው። ሌላው የድምፅ ደብዳቤ ነበር። ልጆቻቸው ጅቡቲና ጅዳ የሄዱባቸው እናቶች ብዙ ነበሩ፤ መጻፍ የሚችል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በካሴት ይላካል፣ በካሴት ይመጣል። እናቶች መጥተው ቴፑ ፊት ይቀመጡና ይጮኻሉ። «ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ይሰማል» ስላቸው «ጅቡቲ ሩቅ ነው እኮ!» ይሉኛል።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አንዲት ጫት ነጋዴ ነበሩ። እኔ አዴ ነበር የምላቸው፤ በእኛ አገር እናት የምታህልን ሴት የምንጠራበት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቃቸው ሴት። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። ለውትድርና ስሙ ሲጠራ ማንንም ሳይሰናበት ከሚኤሶ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ጅቡቲ ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባቡር ላይ የምትነግድ አንዲት ሴት ካሴት አመጣችላቸው። እነሆ ልጁ ከዚያች ካሴት በኋላ ድምፁ አልተሰማም፤ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ።

አዴ ቴፕ የላቸውም። በየሐሙሱ ገበያው ሲበተን ካሴቷን ከደረታቸው ውስጥ አውጥተው ይመጣሉ። «ኢንተላ ቲያ፣ ያን ልጅ አናግሪልኝ» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸውም ሲደሰቱም ኦሮምኛቸው ይቀድማል። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሙዝ ወይም ፓፓያ ይዘው ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። ካሴቷን ግን አንድም ቀን እኛ ዘንድ አሳድረዋት አያውቁም።

እኔ ያንን ደብዳቤ በቃሌ ነበር የማውቀው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ አክስቶቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ ሻይ ቤት ያለውን ጓደኛውን፣ ቀይዋን ላም ሳይቀር ሰላም ይላል። ቀጥሎ ጅቡቲ እንዴት እንደሚሞቅ ይናገራል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሚመጣው ሳምንት ባሕሩን እንሻገራለን ይላሉ። አታልቅሺ። ጫቱን ብቻሽን አትሸከሚ፣ ሰው ያግዝሽ» ይላል። በመጨረሻ ወሰላሙ ዓለይኩም። እዚያች ላይ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ፤ ድንጋይ መቆጠብ ነበረብኛ።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ነው። ሱቁ በጎረምሳ ተሞልቷል፤ ድንጋዩም አልቋል። ድንጋይ ሲያልቅ ቴፑ ይንቀራፈፋል፤ የልጁ ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ወጣ። አዴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ድምፁ ጠውልጓል። አሞታል?»

ድንጋይ ነው ብል ምን ነበረበት? ግን ሁሉም ያየኛል፣ ከእኔ ቀልድ ይጠብቃል። «አይ አዴ፣ አላመመውም፤ ደርቆ ነው» አልኩ። «እንደ ጫት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃ ይርጩበት፣ ይለመልማል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ እንኳ በር ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዴ ብቻ አልሳቁም። ካሴቷን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋትና ደረታቸው ውስጥ ከተቷት፤ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ። እኔም ዘፈኔን ቀጠልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። በሌላውም ሐሙስ አልመጡም። ከመንገዱ ማዶ ጫታቸውን ሲረጩ አያቸዋለሁ፤ እጄን ሳውለበልብላቸው በእጃቸው «ገና ነው» የሚል ምልክት ያሳዩኛል። ምኑ ነው ገና? አልጠየቅሁም። ገበያ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ።

በአራተኛው ሐሙስ መጡ። እጃቸው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ቅጠሉን ፈቱት፤ ውስጡ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ገለጡት። ሩቅ አገር እንደሚላክ ምርጥ ጫት ሆና ካሴቷ ከመሃል ወጣች።

«ሦስት ሳምንት ከእንስራው ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ረጨሁ፣ ማታ ረጨሁ» አሉኝ። «አሁን ለምልሟል። ስሚው።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ካሴቷን በእጄ ስይዛት ሳቁ ከየት እንደመጣ ወደዚያው ተመለሰ። በመስኮቷ በኩል ውሃው ይታያል። ክሩ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። የብረቷ ቁራጭ ዝጋለች። ባጫውታት እዚያው እንደምትበጣጠስ ገባኝ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «አዴ፣ ዛሬ ቴፑ ታሟል፤ ካሴቱን እኔ ጋ ይተዉትና በሚቀጥለው ሐሙስ እናጫውተዋለን» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካሴቷን በሰው እጅ ትተው ሄዱ። መንገዱን እስኪሻገሩ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ።

ማታ እናቴ ምን ሆነሽ ብትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

በማግሥቱ አጎቴ የሆነውን ሲሰማ ሳቁን ዋጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ማሽኑ በላው በያት» አለኝ። «ማሽን ካሴት ይበላል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ብትቀየምም እኔን ትቀየመኝ።» እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ማሽኑ በላው ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ቴፑን አየሁት። ሁለት አፍ ያለው ቴፕ ነው፤ በአንዱ አጫውተህ በሌላው ትቀዳለህ። ቀኑን ሙሉ ዘፈን ስገለብጥ የምውል ልጅ፣ ሙሉ ዓመት በየሐሙሱ እጄ የገባችውን ካሴት አንድ ቀን ልገልብጣት ብዬ አስቤ አላውቅም። ሃምሳ ጊዜ ከዚያ ቴፕ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። አጠገቧ ባዶ ካሴት ነበረ። ይህን ሳስብ ማሽኑ በላው ለማለት አፍ አጣሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ድሬሰሩን ትንሽ አልኮል ለመንኩት። «የማን ቁስል ነው?» አለኝ። «የካሴት» አልኩት። እየሳቀ በመድኃኒት ብልቃጥ ቀዳልኝ።

ጓዳውን ዘጋሁ። የካሴቷን ብሎኖች ፈትቼ ክሩን አወጣሁ። አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ተጣብቋል። በጥፍሬ እያላቀቅሁ፣ ጥጡን በአልኮል እየነከርኩ መጥረግ ጀመርኩ። ራዲዮ የማጸዳው እንደዚያ ነበርና ሌላ አላውቅም። ሻጋታው ለቀቀ፣ ደስ አለኝ፤ ክንድ የሚያህል፣ ሁለት ክንድ፣ ብዙ ክንድ ጠረግሁ። ጥጡን ገልብጬ ሳየው ቡናማ ሆኗል። ቆሻሻ ነው ብዬ ሌላ ጥጥ አመጣሁ። እሱም ቡናማ ሆነ። ያጸዳሁትን ክር ወደ በሩ ብርሃን አንስቼ ሳየው ልክ እንደ ላስቲክ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ያኔ ነው የገባኝ። ድምፅ የሚያዘው ያ ቡናማው ነገር ነው። ጥጤ ላይ የቀረው የልጁ ሰላምታ ነበር፤ አክስቶቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ቀይዋ ላም።

በረንዳው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ማትሪክ ስወድቅ እንዲያ አላለቀስኩም። ያኔ ያጣሁት የራሴን ነበር።

ከዚያ በኋላ አልኮሉን አልነካሁትም። ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ጫፍ ቀድጄ በዚያ እየነካሁ፣ ሳልፈትግ፣ ጣት በጣት ሄድኩ። ጓዳው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠርኩና ክሩን እንደ ልብስ አሰጣሁት፤ ፀሐይ እንዳይነካው መስኮቱን በጆንያ ጋረድኩ። አቧራ ይገባል ብዬ ሰው አላስገባ አልኩ። የደጅ ጎረምሶች ልጅቷ አበደች አሉ። የተበጠሰውን በምላጭ ቆርጬ በፕላስተር ቀጠልኩ። አራት ቀን እንዲህ ሠራሁ። ደህና ቀፎ ያስፈልገኝ ነበርና የአጎቴን በጣም የሚሸጥ ዘፈን ካሴት ፈትቼ ዘፈኑን ጣልኩት። አጎቴ ሲያይ ጮኸ፤ ፊቴን ሲያይ ደግሞ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ አመጣልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቴፑ ውስጥ ከተትኳት። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ባዶ ነበር። ረጅም ባዶ። የሰላምታው ቦታ አልፎ ጅቡቲ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚናገርበትም አለፈ። ተስፋ ስቆርጥ «...አታልቅሺ» አለ። አንዴ ተቆረጠና «ብቻሽን አትሸከሚ፣ ሰው ያግዝሽ» አለ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን እሱ ነው። ወሰላሙ ዓለይኩም ሲል እንደልማዴ መዝጋት ነበረብኝ። ዓይኔን በነጠላው እየጠረግሁ ስለነበር አልዘጋሁትም።

ክሩ ዝም ብሎ ሄደ። ከዚያ ልጁ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው «ዘጋኸው?» አለ። ያኛው የማይሰማ ነገር መለሰለት። ልጁም ሳቀ። ምን አለፋህ፣ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ በአፍንጫው ጀመረው፣ ሊይዘው ሞከረ፣ አመለጠውና ከሆዱ ወጣ፤ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት እንደ ሕፃን እንቅ አለ። ከዚያ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሙሉ ዓመት እዚያው ነበር። እኔ ድንጋይ ልቆጥብ ብዬ በየሐሙሱ ከሳቁ በፊት ስዘጋበት ኖሬያለሁ።

ሐሙስ አዴ መጡ። ጎረምሶቹን ከደጅ አባረርኩ። «መጀመሪያው የለም አዴ፤ ጠፍቷል» አልኳቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቴፑን ከፈትኩ። ባዶው መሄድ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብዬ ሰማኋቸው። አክስቶቹን በየተራ እየጠሩ ነው። ጎረቤቶቹን። የሻይ ቤቱን ልጅ። ላሚቱን። አንዱንም አልዘለሉም፤ ድምፁ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ልክ እሱን ጠብቀው ደረሱ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ሲል ሊነሱ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ክሩ ሄደ። ሳቁ መጣ።

የእጄን አንጓ እስኪያመኝ ድረስ ጨመቁት። «ይሄ ከየት መጣ?»

«እዚያው ነበረ አዴ።»

«ያ ረቢ!» አሉ። «ያ ረቢ፣ ሕፃን ሆኖ እንደዚህ ነበር! ሲስቅ ይታነቃል፣ ጀርባውን እመታው ነበር።» እሳቸውም ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደገና አጫወትኩላቸው፤ እንደገና ሳቁ። በሦስተኛው እንባቸው መጣ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። አሁን ካልተናገርኩ ከእንግዲህ የማልናገረው መስሎኝ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። ውሃ ይርጩበት ያልኩት ቀልድ እንደነበር፣ ድንጋዩ እንዳለቀ እያወቅሁ ሰው ለማሳቅ እንዳልኩት፣ ሰላምታውንም በአልኮል ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ያዙኝ።

ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

«አቦ ተይ» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ጫት የሸጠ ሰው፣ ላስቲክ ውሃ እንደማይጠጣ አያውቅም?»

«ታዲያ ለምን አዴ?»

«ሲርበው አላበላ። ሲያመው የለሁ። ያለኝ ውሃ ነው፣ እሱን ሰጠሁት።»

ይህን ያሉኝ እውነታቸውን ይሁን፣ ልጅነቴን አይተው ሸክሜን ሊያወርዱልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። «አሁኑኑ አንድ ልገልብጥልዎት፣ ሁለት ይሁን» ብቻ አልኳቸው። ባዶ ካሴቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ቴፑ ላይ እጃቸውን ጫኑና «ዛሬ ደክሟል፤ ሌላ ቀን» አሉኝ። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሐሙስ መጡ፤ በሁለቱም ሌላ ቀን ተባባልን። በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ መኪናው ተበላሽቶበት ቴፑን ሸጠው። ሰማያዊው በር ተዘጋ።

እኔም ማትሪክ ደግሜ ተፈተንኩና አለፍኩ። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያ የሒሳብ ማሽንና የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆንኩ፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች መጡ፤ ሌሎቹ ለመንካት ሲፈሩ እኔ ከፈትኳቸው። ቀሪውን አንተ ጽፈኸዋል። አንተም ጓደኞችህም ከሥራ ሰዓት በኋላ የምታሙኝን ነገርም አውቃለሁ። የመጣው መዝገብ በመጣበት ቀን ሳይገለበጥ ማንም ቤቱ አይሄድም የምለው ለምን እንደሆነ እርስ በርስ ትጠያየቃላችሁ። «ነገ ይደርሳል» የሚለኝን ሰው የምቆጣውም ለዚህ ነው። ይህን ከፈለግህ ጻፈው።

አሰበ ተፈሪ የተመለስኩት ልጁ የሸሸው ጦርነት ባበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ለአዴ አንዲት ትንሽ ቴፕ ገዝቼላቸው ነበር፤ የራሳቸው እንድትሆን። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄድኩ። ሌላ ሴት ተቀምጣለች፣ ወጣት። አዴ ባለፈው ዓመት እንደሞቱ ነገረችኝ። ልጁስ ብላት ምንም አልተሰማም አለች። ነጠላዬን አጣፋሁ። ከዚያ «ካሴቷስ?» አልኳት።

«የቱ ካሴት?» አለችኝ።

የእህታቸው ቤት ሄድኩ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ያየ የለም። አንዲት አሮጊት ምናልባት አብራ ተቀብራ ይሆናል አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ ልጆች ክሩን አውጥተው ሲጫወቱበት አይቻለሁ አለ። ማንን ማመን እንዳለብኝ አላወቅሁም። ሳቁን አንድ ሐሙስ አብሮን የሰማው አጎቴም አርፏል። ያን ሳቅ ከሰማን ሰዎች መካከል አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሊትም፣ መንገድ ላይም ይመጣብኛል፤ መጀመሪያ በአፍንጫው ሲጀምር፣ ሲያመልጠው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አንድ በአንድ እሰማዋለሁ። እንዴት እንደሚስቅ ላሰማህ ብዬ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ሞክሬያለሁ። አልችልበትም።